3,000 መጻሕፍት ሊሰጡን ነው፤ ኩሌ ካምፕ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ከየት እንጀምር?

ጥያቄው፦ ጋምቤላ፣ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከስድስት የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ወጣቶች ጋር ሆነን ለልጆችም ለወጣቶችም የሚሆን የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት ልንከፍት አስበናል። አንድ የአዲስ አበባ ማኅበር 3,000 ያገለገሉ መጻሕፍት እሰጣችኋለሁ ብሎናል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባዶውን የቆመ 6 በ8 ሜትር የቆርቆሮ መጋዘን አለ። ሥዕልና ድራማም እንዲኖርበት እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር? ለማኅበሩስ ምን ብለን እንመልስ?

መልስ፦

መምህር፣ ከሁሉ በፊት ለማኅበሩ "መጻሕፍቱን ለጊዜው አቆዩልን" በሉት። 3,000 መጻሕፍት ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ወረቀት ነው፤ ቢያንስ 40 ሜትር መደርደሪያ ይጠይቃል። መደርደሪያው ሳይሠራ ከደረሰ ካርቶኑ መሬት ላይ ይከመራል፣ ምስጥም ይቀድማችኋል። ከምስጡ የተረፈውን ለመለየት ብቻ ሰባታችሁ አንድ ወር ታባክናላችሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው መጽሐፍ አጥቶ አይደለም። ቁልፍ የሚይዝ፣ በሰዓቱ የሚከፍት፣ ልጁ በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነገር ሲጠፋ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ እነዚህን ቀድማችሁ ጨርሱ።

ፈቃዱን በወረቀት ያዙት። መጋዘኑ ባዶ ነው ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት የካምፕ አስተባባሪ፣ የስደተኞች ማዕከላዊ ኮሚቴና የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር የፈረሙበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። ደብዳቤው ቤቱ ለስንት ጊዜ እንደተሰጠ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ አጋር ድርጅት ቢወጣ ዕቃው ለማን እንደሚቀር መግለጽ አለበት። የመጨረሻዋን ነጥብ ሁሉም ይዘላታል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ግን መደርደሪያው በመኪና ተጭኖ የሚሄደው በእሷ ምክንያት ነው። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞች በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከዜጎች እኩል እንዲስተናገዱ ይደነግጋል። ቤተ መጻሕፍት የመክፈት ፈቃድ ባይሆንም፣ ሥራችሁን በትምህርት ስር አስገብታችሁ ለማስረዳት ይረዳችኋል። ከአዲስ አበባ ለሥልጠና የምትጋብዙት ሰው ካለ ለካምፕ መግቢያ ፈቃዱ አስቀድማችሁ ጻፉ።

ከዚያው ጋር የሴቶች ማኅበሩንና የወጣቶች ማኅበሩን አነጋግሩ፤ ከካምፑ ከየዞኑም አንድ አንድ ሰው ኮሚቴው ውስጥ አስገቡ። መጋዘኑ ያለበት ዞን ነዋሪ "የእኛ ነው" ካለ የሌላው ዞን ልጅ አይመጣም። ከስድስቱ ወጣቶች አምስቱ የአንድ ብሎክ ልጆች ከሆኑ ችግሩ ገና ሳይከፈት ተጀምሯል ማለት ነው። በአካባቢው ያሉ የተቀባዩ ማኅበረሰብ ልጆችም እንዲገቡ ከመነሻው ወስኑ። ኋላ ሲመጡ ከበር መመለስ ቂም ያተርፋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው እሱ ነውና። እንደዚህ ያለ ቤት በተከፈተ በወሩ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ማጥኛ ይሆናል። ካምፕ ውስጥ ጸጥ ያለና ወንበር ያለው ቤት ሌላ እምብዛም አይገኝም፤ ተፈታኞቹም ብርቱ ናቸው፣ ማልደው ይደርሳሉ፣ ቦታ ይይዛሉ። ትንንሾቹ ሲንጫጩ ይቆጧቸዋል፣ ልጃገረዶቹ ደግሞ ጎረምሶች የሞሉበት ክፍል ውስጥ አይገቡም። ማንም ሳያባርራቸው ሁለቱም ይጠፋሉ። መፍትሔው "ሁሉም ይግባ" የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ አይደለም፤ ሰዓቱን መከፋፈል ነው። ለምሳሌ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ተኩል ትምህርታቸው የከሰዓት ፈረቃ ለሆነ ትንንሽ ልጆች፣ ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት ተኩል ለልጃገረዶች ብቻ፣ ከዚያ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ለተፈታኞች። የልጃገረዶቹን ሰዓት ግን እናንተ አትወስኑላቸው። ውኃ የሚቀዳበትን፣ እንጨት የሚለቀምበትንና ምግብ የሚበስልበትን ሰዓት የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ አሥር ያህሉን ጠይቁና የሚስማማቸውን ያዙ። የራሽን ማደያ ቀን ማንም አይመጣም። ያን ቀን ዝጉና ቆጠራና ጥገና ሥሩበት። ሰዓቱን የካምፑ አብዛኛው ሰው በሚናገረው በኑዌርኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ የልጅ፣ የልጃገረድና የተማሪ ሥዕል ከፀሐይ አቀማመጥ ጋር ሣሉበት።

ለዚህ ሰዓት ሁለት ጠባቂ በፈረቃ ያስፈልጋል፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ክፍያ ከሌለ ቢያንስ አምስት በጎ ፈቃደኛ አድርጉና እያንዳንዱ በሳምንት ከ6 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ። ከዚያ ካለፈ በሁለተኛው ወር ይጠፋሉ፤ አይፈረድባቸውም። ክፍያ ከተገኘ በካምፑ ለስደተኛ ሠራተኞች ከሚከፈለው የተለመደ የማበረታቻ አበል በላይ አትክፈሉ። በጥቂት ብር ልዩነት የትምህርት ቤቱ ረዳት መምህራን ያኮርፋሉ፣ ለሌሎች ድርጅቶችም ራስ ምታት ይሆናል።

መጋዘኑ መልካም ነው፤ እንዳለ ግን አይሆንም። በየካቲትና በመጋቢት የጋምቤላ ሙቀት 40 ዲግሪ ሲያልፍ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ልጅ ሃያ ደቂቃ አይቀመጥም። ከግድግዳው የላይኛውን 60 ሴንቲ ሜትር ቆርቆሮ በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ገንጥላችሁ በሽቦ ወንፊት ተኩት፤ ነፋስ ያልፋል፣ ብርሃንም ይገባል። ጣሪያው ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ፤ ካልወጣ በወንፊቱ ዝናብ ይረጫል። ከጣሪያው ስር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ትታችሁ የቀርከሃ ወይም የሣር ምንጣፍ ወጥሩ። ሙቀቱን ይቀንሳል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታም የአንባቢው ድምፅ እንዲሰማ ያደርጋል።

ወለሉን ከውጪው መሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፣ ዙሪያውንም የውኃ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ። በ2006 ዓ.ም. ክረምት የሌቹዎር ካምፕ በጎርፍ ተውጦ ነዋሪዎቹ በቀጣዩ ዓመት ወደ ጄዊ እንዲዛወሩ መደረጉን የአካባቢው ሰው አይረሳውም። የእናንተ መጋዘን ባለፉት ክረምቶች ውኃ ገብቶበት እንደሆነ ጎረቤቶቹን ጠይቁ። ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ካለ የመጨረሻው መደርደሪያ ከዚያ መስመር በላይ ይሁን።

መደርደሪያው ከብረት ቢሆን ደግ ነው። ካልሆነ ጥርብ እንጨት ይሁን፣ ግን ግድግዳውን አይንካ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። እግሮቹን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለባቸው ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮዎች ውስጥ አቁሙ፤ ምስጥ ዘይቱን አይሻገርም። ቆርቆሮው አቧራና ቅጠል ሲሞላ ግን ድልድይ ይሆንለታልና በየሳምንቱ ይጸዳ። ልጆች እንዳይነኩትም ዙሪያውን በእንጨት ከልሉት። የታችኛው ጣውላ ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የልጆቹ ረድፍ ከ1 ሜትር ከ20 አይብለጥ። አንድ ሜትር የሞላ መጽሐፍ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ያለ ድጋፍ ከ90 ሴንቲ ሜትር በላይ ከረዘመ ይጎብጣል። መጻሕፍቱን አታጨናንቁ፤ በዝናቡ ወራት አየር ያልገባበት ረድፍ ይሻግታል። ከ48 ካሬ ሜትሩ 12ቱን ለመደርደሪያና ለጠባቂ ጠረጴዛ ከተዋችሁ የቀረው 24 ልጆችን በሰሌንና በአግዳሚ ወንበር ይይዛል። ከዚያ በላይ ሲመጡ ግማሹን ወደ ዛፍ ጥላ አውጡ፣ አታጭቁ።

ወደ መጻሕፍቱ እንምጣ። ከ3,000ው ለመጀመሪያው ዓመት የሚበቃችሁ ከ400 እስከ 500 ነው። ማኅበሩ የመጻሕፍቱን ጀርባ ርእሱ እንዲነበብ አድርጎ በስልክ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፤ ምረጡ። ጥራዙ የጎደለ ኢንሳይክሎፒዲያ፣ ያረጀ የኮምፒውተር መማሪያ፣ የውጭ አገር የሕግና የሒሳብ አያያዝ መጻሕፍት አትቀበሉ። የመማሪያ መጽሐፍ ሲሆን ዓመተ ምሕረቱን እዩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ ሥራ ስለገባ የቀድሞው መጽሐፍ ተፈታኙን ያሳስተዋል። የምትፈልጉት ሥዕል የበዛባቸው ቀላል የእንግሊዝኛና የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት፣ ለላይኛው አንደኛ ደረጃና ለሁለተኛ ደረጃ ከየትምህርቱ ሦስት ሦስት ቅጂ፣ አምስት ስድስት መዝገበ ቃላት፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፣ ለአዋቂዎች ደግሞ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻና ስለ ከብት የተጻፉ ቀላል ነገሮች ናቸው። ጎሳን የሚያንኳስስ ወይም የደቡብ ሱዳንን ፖለቲካ ለአንዱ ወገን የሚተርክ መጽሐፍ ከመደርደሪያው በፊት ይለይ። ይህን ከሁለት ወገን የመጡ ሁለት ሰዎች ቢያዩት ይሻላል፣ አንድ ሰው ብቻውን ላይታየው ይችላልና።

ከአዲስ አበባ የማይመጣላችሁ አንድ ነገር አለ፤ በኑዌርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ። በታችኞቹ ክፍሎች ልጁ ፊደል የሚቆጥረው በአፍ መፍቻው ነው፤ ከፍ ሲል በእንግሊዝኛ ይማራል። ከመማሪያው መጽሐፍ ውጪ በኑዌርኛ የሚያነበው ከሌለ ግን ማንበቡን ገና ሳይደላደል ይረሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው የፈጠራ ሥራችሁ መጽሐፍ መሥራት ይሁን። ሥዕሉም፣ ተረቱም፣ ድራማውም ከዚያ ይመነጫል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ አዛውንት ወይም እናት ተረት ይነግራሉ፤ በስልክ ይቀዳል። ታሪኩን ለማሳተም ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ስማቸው ሽፋኑ ላይ እንዲወጣ መፈለጋቸውንም እንዲሁ። ሁለት ወጣቶች እንደተነገረው ይገለብጡታል፤ ከዚያ በየገጹ ከአንድ እስከ ሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲሆን ያሳጥሩታል። ሲያሳጥሩ የሚደጋገመውን አዝማችና ዘፈኑን አይቁረጡ፤ ጀማሪ አንባቢ የሚይዘው እሱን ነው። የታችኛው ክፍል የኑዌርኛ መምህር አጻጻፉን ያርማል። ያለዚያ ሰው እርማት አንድም ገጽ አይታተም፣ ምክንያቱም አንድ ቃል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሲመጣ ልጁ ስህተቱን በራሱ ያሳብባል። ልጆች ሥዕሉን በጥቁር እስክሪብቶ ይሣሉ፤ የእርሳስ ሥዕል ሲባዛ ይጠፋል።

የሚያደናቅፈው ፊደሉ ነው። ኑዌርኛ በላቲን ፊደል ቢጻፍም ተራው የኮምፒውተር ፊደል (ፎንት) ሁልጊዜ የማይዛቸው ሆሄያት አሉት፤ አናባቢዎቹም ከላይ ነጥብ ወይም ከታች ሰረዝ ይጨመርባቸዋል። የእናንተ ኮምፒውተር ላይ አምሮ የታየው ጽሑፍ ጋምቤላ ከተማ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፣ ወይም ምልክቱ ወድቆ ቃሉ ሌላ ይሆናል። "አንዲካ" የተባለውን ነጻ ፎንት ጫኑ፤ ለጀማሪ አንባቢ ታስቦ የተሠራ ነው። ፋይሉን ፎንቱ አብሮት በተቀመጠበት ፒዲኤፍ ላኩ፤ አንድ ቅጂ አሳትማችሁ ቃል በቃል ካያችሁ በኋላ የቀረውን አሳትሙ።

አራት የኤ4 ወረቀት መሐል ለመሐል ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ተረት 10 ቅጂ ብትሠሩ 40 ወረቀትና 10 ወፍራም የሽፋን ወረቀት ነው፤ 30 ተረት በሁለት ደስጣ ተኩል ያልቃል። በሌዘር ማተሚያ ይታተም፤ የፈሳሽ ቀለሙ በላብና በእርጥበት ይፈሳል። ሌዘሩ ብዙ ኃይል ስለሚስብ በካምፑ ሶላር አትሞክሩት፣ ከተማ ወስዳችሁ አሳትሙ። ስቴፕለር አትጠቀሙ፤ በአንድ ክረምት ዝጎ ወረቀቱን ይበላዋል። እጥፋቱ ላይ በወስፌ ሦስት ቀዳዳ አውጡና በጠንካራ የልብስ ስፌት ክር ስፉት። የዱቄት ሙጫም አይጥና ነፍሳት ይጠራል፤ ነጩን የእንጨት ኮላ ተጠቀሙ። ለመነሻ ያህል "አፍሪካን ስቶሪቡክ" በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ፈቃድ የወጡ ተረቶች አሉ፤ አትማችሁ መጠቀምና ወደ ኑዌርኛ መመለስ ትችላላችሁ። የደራሲውና የሠዓሊው ስም እንዳይወጣ ግን አታድርጉ።

ማዋስን ለሁለት ወር አቆዩት፤ መጀመሪያ እዚያው ይነበብ። ከዚያ አንድ ልጅ አንድ መጽሐፍ ለሰባት ቀን። መዝገቡ ላይ የልጁ ስም፣ ብሎኩ፣ የመጽሐፉ ቁጥርና የወጣበት ቀን ይበቃል። የራሽን ካርድ መያዣ አትቀበሉ፣ ቁጥሩንም አትጻፉ። ካርዱ እናንተ ዘንድ ተቆልፎበት ራሽን ያመለጠው ቤተሰብ ይቅር አይላችሁም፣ እውነቱም ከእሱ ጋር ነው። ቅጣትም አያስፈልግም፤ የሚቀጣ ልጅ መጽሐፉን ሳይመልስ ራሱ ይቀራል። ከአሥር አንዱ በዓመት እንደሚጠፋ ቆጥራችሁ ተነሡ። አብዛኛው የሚበላሸው በዝናብ፣ በሚያፈስ ጣሪያና በታናናሽ ወንድምና እኅት እጅ ስለሆነ ከባዶ የእህል ጆንያ ከረጢት ሰፍታችሁ ከመጽሐፉ ጋር አውሱ።

ለቅዳሜው የፈጠራ ፕሮግራም 20 ልጆች፣ ሁለት አስተባባሪና አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ሃያ ደቂቃ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ የቀረው በተነበበው ላይ ይሠራ፦ አንድ ቅዳሜ ሥዕል፣ አንድ ቅዳሜ ድራማ፣ አንድ ቅዳሜ ጭቃ። የኑዌር ልጆች በሬ ከጭቃ መሥራት ከጥንትም ያውቁበታል፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ እጃቸውም ፈትቷል፣ ከተረቶቹም ብዙዎቹ ስለ ከብት ናቸው። ለሦስት ወር ባለ 12 ከለር አሥር ፓኮ፣ አንድ ደስጣ ወረቀትና ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ስድስት መቀስ በቂ ነው። የውኃ ቀለም ይቅርባችሁ፤ ውኃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቦታ ለብሩሽ ማጠቢያ ማፍሰስ ለእናቶቹ አይጥማቸውም።

"በጦርነቱ ያያችሁትን ሣሉ" አትበሉ። ጎብኚዎች ይህን ሥዕል ይወዱታል፤ ልጁን ግን ሌሊት የሚያባንነው እሱ ነው። ራሱ ከሣለው ተቀበሉ፣ አትመርምሩ። ካምፑ ውስጥ በሕፃናት ጥበቃ የሚሠራው ድርጅት የትኛው እንደሆነ፣ ማን ጋር እንደሚላክ ሳትከፍቱ ተስማሙ። በሩ ክፍት ይሁን፤ አንድ አዋቂ ብቻውን ከልጅ ጋር አይቅር። ሠራተኛውም በጎ ፈቃደኛውም የሥነ ምግባር ደንቡን ይፈርም። ወላጅ ሳይፈቅድ ፎቶ የለም፤ ለለጋሹ ማኅበርም ቢሆን።

ስለ ኮምፒውተር ባትጠይቁም ሰው ማንሣቱ አይቀርም። እንደ አይዲያስ ቦክስ ያለው ሙሉ ተንቀሳቃሽ የመጻሕፍትና የኮምፒውተር ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ቡሩንዲ ባሉ የኮንጎ ስደተኞች ካምፖች የተጀመረው፣ ለእናንተ አቅም ገና ነው። ስድስት ወር ከሠራችሁ በኋላ ግን ራስፕቤሪ ፓይ በተባለች አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ኮሊብሪና ኪዊክስ የተባሉትን ነጻ ፕሮግራሞች ብትጭኑ ያለ ኢንተርኔት ለአሥር ያህል ስልክ ትምህርትና ዊኪፒዲያ ያደርሳል። እሱና ሁለት አምፖል በቀን 80 ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃሉ፤ ባለ 50 ዋት ሶላርና ባለ 12 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ሁለት ደመናማ ቀን ያሻግራል። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሚሞሪ ካርዱ ነው፣ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ። ሁለተኛ ቅጂ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ይኑር።

ራቅ ላሉት ዞኖች ሌላ ቤት አትክፈቱ። የልጆች ቤተ መጻሕፍት በማስፋፋት የሚታወቁት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሐዋሳ ላይ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍት ወደ ልጆቹ ሲወስዱ እንደታየው፣ 40 መጽሐፍ የሚይዝ ክዳን ያለው ሣጥን በሳምንት አንድ ቀን በጋሪ ወይም በብስክሌት ቢዞር ይበቃል። ሣጥኑ የራሱ መዝገብ ይኑረው፤ ከዋናው ጋር ከተቀላቀለ ቆጠራው አይገጥምም።

ለማኅበሩ እንግዲህ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ "ስለ ስጦታው እናመሰግናለን። ከመጻሕፍቱ በዝርዝር የመረጥናቸውን 450 ብቻ እንቀበላለን። ለቀሪው ማጓጓዣ ልታወጡ ያሰባችሁት ገንዘብ ለሽቦ ወንፊት፣ ለጣውላ፣ ለሦስት ደስጣ ወረቀትና ለኅትመት እንዲውል እንጠይቃለን። መጻሕፍቱ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ ከ15 ኪሎ በማይበልጥ ካርቶን፣ መደርደሪያው መጠናቀቁን በፎቶ ካሳወቅናችሁ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይገባ ከሚያዝያ አጋማሽ በፊት ይድረሱን።" ዝርዝሩን ከደብዳቤው ጋር አያይዙ፤ ያለ ዝርዝር ከላካችሁ መርጦ የሚልክላችሁ መጋዘናቸውን የሚያጸዳው ሰው ይሆናል።